ስንቅ ሳይያዝ ዓባይ አይወረድም



ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የዘመድ ሠርግ ሲደርስ ወይም የክረምት ኮንፈረንስ ሲመጣ በየቤቱ ዝግጅቱ ይጧጧፋል። ልብስ ይታጠባል፣ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጃኬት ይገዛል። በመንገድ ላይ ምን እንደሚበላ የሚታሰበው ግን ብዙ ጊዜ ልጅ ማልቀስ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይገዛና ቀኑ በዚያው ያልፋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አካባቢው የሚጓዙ ቤተሰቦችን እያሰብን ስለ ስንቅ እንነጋገራለን። ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትጓዙም ብትሆኑ አብዛኛው ነገር ይጠቅማችኋል ብለን እናምናለን።

መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይቀምስ ይሳፈራል። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ፣ ገብረ ጉራቻ እየተባለ ጎሐ ጽዮን ሲደረስ ደጋው ያበቃና ዓባይ በረሃ ይጀምራል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ላብ በላብ ይሆናል። ጠመዝማዛው ልጆችን ያስመልሳል። አንድ ከባድ መኪና ዳገቱ ላይ ከተበላሸ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ የግማሽ ቀን ይሆናል።

በዚህ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ መንገደኛም ባላሰበበት ከተማ ሲያድር አይተናል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ካሉ ዘመዶች ጠይቁ። ስንቅም ለአንድ ቀን መንገድ የሁለት ቀን ያዙ።

«ጌታ ያዘጋጃል፣ ስንቅ ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ማርቆስ ምዕራፍ 6ንም ይጠቅስልናል፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያለ እንጀራና ያለ ከረጢት ልኳቸዋልና። እውነት ነው። ነገር ግን ያው ጌታ በሉቃስ ምዕራፍ 22 ያንን ጉዞ አስታውሷቸው አሁን ግን ከረጢት ያለው ከረጢቱን እንዲይዝ ነግሯቸዋል። እሴይም ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው ለወንድሞቹ የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ አሸክሞ ነው (1 ሳሙኤል 17)። ያ እሸት ወይም ቆሎ የምንለው መሆኑ ነው። በዮሐንስ ምዕራፍ 6 አምስት የገብስ እንጀራ ይዞ የተገኘውም ልጅ ቢሆን ከቤቱ ባዶ እጁን አልወጣም። የገብስ መሆኑ ለጎጃም ሰው ሳያስገርመው አይቀርም።

ጎጃም የበሶ አገር ነው። ድሮ ነጋዴው፣ ዘማቹ፣ የቆሎ ተማሪው ሁሉ አገር ያቋረጠው በበሶና በቆሎ ነው። ዛሬ ግን ከተማ የገባነው ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ የበሶ ዕቃ ማውጣት እናፍራለን። «ገጠሬ» እንዳንባል ይሆናል። ለልጆቻችንም በሶ ሳይሆን በፕላስቲክ የታሸገ ብስኩት እንሰጣለን፤ ብስኩቱ ግን ከነጭ ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ያለፈ ብዙም የለውም። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም፣ ማለትም ከሰባት የሻይ ማንኪያ ያላነሰ ስኳር ይዟል። ሻይ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብናይ እንደነግጣለን!

እንግዲህ ስንቃችን ምን ይሁን? የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከሁሉ ይቀድማል። ሙሉ እህል ስለሆነ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ረሀብን ያርቃል፣ አይበላሽም፣ እጅ አያቆሽሽም። ለውዝና ሱፍ ቢቀላቀልበት ደግሞ የተሻለ ነው። ጨው ግን አታብዙበት፤ በተለይ ደም ግፊት ያለበት ሰው አብሮ ካለ ያለ ጨው ቁሉት። በሶ ዱቄቱ ለብቻው ይያዝና በመንገድ ላይ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፤ ተበጥብጦ አይዋል። የበሶ ጭብጦ ከሆነ በዘይት፣ በጥቂት ጨውና በርበሬ ታሽቶ ጠዋት ተሠርቶ በዚያው ቀን ይበላ። ድርቆሽም ጥሩ ስንቅ ነው፤ ውሃ ነካ አድርጎ መፈትፈት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሙዝና ብርቱካን ልጣጫቸው ራሱ መጠቅለያ ስለሆነ ይመረጣሉ። ካሮት ታጥቦ ተልጦ ቢያዝ ልጆች ይወዱታል። ቅቅል ድንችና ቅቅል እንቁላል ለጠዋቱ ቁርስ እንጂ ለከሰዓት አይሁኑ።

ወጥ እንተወው። ብዙ እናቶች ሌሊቱን ዶሮ ሠርተው፣ ትኩሱን በሳህን ከድነው፣ በፌስታል አስረው ይነሳሉ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሞቅ ባለ ቦታ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ እንደ ዓባይ በረሃ ሲከብድ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆዩትም። ጎሐ ጽዮን ሳይደረስ ያ ዶሮ ጊዜው አልፏል። የሆድ ሕመም የሚይዘው ሰው ምግብ ቤት የበላው ነገር ይመስለዋል፤ ግን ከቤት የመጣውም ሊሆን ይችላል።

ውሃ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ይያዝ። ሽንት ቤት እንዳያስቸግር ብለው ውሃ የማይጠጡ እህቶች አሉ፤ ችግራቸው ይገባናል፤ መንገድ ላይ ለሴት የሚሆን ንጹሕ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ በረሃው ውስጥ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ደግሞ የግድ ነው።

ለልጆች አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎም ለውዝም አይሰጥም። መኪናው ሲንገጫገጭ ፍሬው ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለእነርሱ ሙዝ፣ ለስለስ ያለ ዳቦ ወይም ድንች ይበቃል። የሚያስመልሰውን ልጅ ደግሞ ባዶ ሆዱን አታስጉዙ፤ ወተትና ቅባት ያለበት ነገርም አትስጡት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ቢበላ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሩቅ ቢመለከት ይሻለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የምናውቃቸው አንድ ባልና ሚስት አሉ። ባል የስኳር ሕመም አለበት። የጉዞው ዕለት ጠዋት እንደ ልማዱ ክኒኑን ዋጠና «ቁርስ ደጀን እንበላለን» ብሎ ተሳፈረ። ሚስት ቆሎም ዳቦም አዘጋጅታ ነበር፤ ነገር ግን ሻንጣው ጣራ ላይ ተጭኗል። በረሃው መካከል አንድ ተሳቢ መንገድ ዘጋ። ሰውዬው ላብ ያጠምቀው ጀመር። ሁሉም ሰው ስለሚያልበው ሚስቱም ተሳፋሪውም ሙቀቱ ነው ብለው መስኮት ከፈቱለት። ጥያቄ ሲጠየቅ የማይገናኝ መልስ መመለስ ሲጀምር ነው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ነገሩ የገባት። ከአንድ ልጅ እጅ ለስላሳ ተቀብላ አጠጣችው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ራሱ ተመለሰ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጡ ሰዎች ምግብ ሲያዘገዩ ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረሀብ፣ ግራ መጋባት ነው። በረሃው ውስጥ ላብን በሙቀት ማሳበብ ስለሚቀል አደጋው እዚህ ላይ ይከፋል። መድኃኒቱ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ይደገማል፤ ሲሻለው ደግሞ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይበላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ስለዚህ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ በሰውዬው በራሱ ኪስ ይሁን፤ ስንቁም ጣራ ላይ ሳይሆን እግር ሥር ይቀመጥ። ኢንሱሊንም እንደዚሁ ከፀሐይ ርቆ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ከጉዞው በፊትም የምግብና የመድኃኒት ሰዓታችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ብቻን መብላት የለም። ምግብ የሚከፍት ሰው ግራና ቀኙን «እንብላ» ይላል። አብረውን የሚጓዙት አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ይውላል፤ በጸደይ ደግሞ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፤ ረቡዕና ዓርብም አይረሳ። በጾም ቀን ከእማማ አጠገብ ተቀምጦ እንቁላል መላጥ ኃጢአት ነው አንልም። ሮሜ 14ን ያነበበ ሰው ግን ስንቁን ሲያዘጋጅ ቀኑን ይቆጥራል። ቆሎ፣ በዘይት የታሸ ጭብጦና ሙዝ ጾመኛውንም እኛንም ያስማማል። ብዙ ስብከት ያልከፈተውን ጨዋታ አንድ እፍኝ ቆሎ ሲከፍተው አይተናል።

ስንቁን ማን ያዘጋጅ? በብዙ ቤት ሚስት እስከ እኩለ ሌሊት ስትቆላ፣ ስታጥብ፣ ስትቋጥር ታመሻለች፤ ባል ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ «አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው!» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ተኳርፈው ሱሉልታ ይደርሳሉ። ወንድሞች ሆይ፣ ቆሎው ከሁለት ቀን በፊት ሊቆላ ይችላል። ፍራፍሬ መግዛት፣ ውሃ መሙላት፣ ካሮት መላጥ፣ የልጆቹን ምግብ በየዕቃው መለየት የወንድ እጅ የማይችለው ሥራ አይደለም። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ዘመድ ቤት ሲደረስ ስንቁ ይዘጋ። የጎጃም እናት ሌማቷን አቅርባ ሳለ የራስን ዕቃ መክፈት ማስቀየም ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። አማኞች ጠላና አረቄ ስለማንጠጣ ባለቤቶቹ እኛን ለማክበር ልጅ ልከው ለስላሳ ያስገዛሉ። በቀን ሦስት ቤት ከተዞረ ሦስት ጠርሙስ ይጠጣል። አስቀድሞ በትሕትና «እትዬ፣ ተልባ ቢበጠበጥልኝ ደስ ይለኛል» ወይም «ቡና ያለ ስኳር» ማለት ይቻላል። ተልባ የቤታቸው ስለሆነ ደስ ይላቸዋል፤ ወጪያቸውንም ይቀንስላቸዋል። ጉርሻ ሲመጣ ስኳር ያለበት ሰው አንዱን በደስታ ይጉረስ፤ ሁለተኛውን ሚስት ትቀበልለት።

ለመልስ ጉዞ ስለ ስንቅ አትጨነቁ። እናት በሶውን በጨርቅ ቋጥራ፣ ቆሎውን በአገልግል ሞልታ፣ ቅቤውን ደግሞ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ ትጠብቃችኋለች። ቅቤው በረሃው ውስጥ ስለሚቀልጥ ክዳኑን በፌስታል ደርባችሁ እሰሩትና እርሱ ጣራ ላይ ይጫን፤ በሶውና ቆሎው ግን ከእናንተ ጋር ይግቡ።