ስማቸው የተመዘገበ፣ ሥራቸው ያልታወቀ ዘረ መሎች
ለሊግኒን ዘረ መል ቤተሰብ አጥኚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በቅርቡ ያወጣችሁት ሌላ የላኬዝ ኢንዛይሞች ቤተሰብ ጥናት ነው። ርዕሱ የተክልን ግንድ የሚያጠነክረውን ሊግኒን ከድርቅ መቋቋም ጋር አጣምሮ ብዙ ተስፋ ይሰጣል። ውስጡ ሲገባ ግን የሚገኘው የዘረ መሎቹ ብዛት፣ በክሮሞዞም ላይ ያላቸው ቦታ፣ የዝምድናቸው ሥዕል፣ በድርቅና በጨው ጊዜ ንቃታቸው ከፍና ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። መደምደሚያውም የለመድነው ነው፦ በሊግኒን ምሥረታና በአካባቢ ጫና ምላሽ ጉልህ ሚና ሊኖራቸው ይችላል። አሰያየማችሁ ሥርዓት አለው፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ይህን አልክድም። ምስጋናዬ ግን ከዚህ አያልፍም፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሊግኒን አንድም ጊዜ አልተለካም።

ዝምድና ሥራን አይመሰክርም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የቤተ ሙከራ ተክሉ አራቢዶፕሲስ 17 የላኬዝ ዘረ መሎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ከእነዚህ ላክ4 እና ላክ17 የተባሉት አብረው ሲሰናከሉ የግንዱ ሊግኒን ቀነሰ። በ2013 ላክ11 ሲጨመርባቸው ሊግኒኑ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ተክሉም ቀጨጨ። የእነዚሁ ዘመድ የሆነው ላክ15 ግን በዋናነት የሚታወቀው በዘር ቅርፊት ውስጥ ፍላቮኖይዶችን በማጥቆር ነው። የአንድ ቤት ልጆች መልካቸው ስለተመሳሰለ ማን አራሽ፣ ማን ሸማኔ እንደሆነ አይታወቅም። የእያንዳንዱን ላኬዝ ሥራ የነገረን የዝምድና ሥዕል አልነበረም፤ ዘረ መሉን አሰናክሎ፣ ተክሉን አሳድጎ፣ ግንዱን ቆርጦ የለካ ሰው ነው። በእናንተ ጽሑፍ ውስጥ ያጣሁት ይህን ሰው ነው።

በምትኩ የምታቀርቡት ማስረጃ ክብደቱ ምን ያህል ነው? ከእያንዳንዱ ዘረ መል ፊት ያለውን 2000 የዲኤንኤ ፊደል ወስዳችሁ የድርቅ ሆርሞኑ የአብሲሲክ አሲድ ምልክት የሚባለውን ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ ትፈልጋላችሁ፤ ስታገኙትም ዘረ መሉ ለድርቅ ምላሽ ይሰጣል ትላላችሁ። ስሌቱን እንሥራው። አራቱ ፊደላት እኩል ቢሰራጩ፣ ባለ አምስት ፊደል ቃል በአማካይ በየ1024 ቦታ አንዴ ይገጥማል፤ ሁለቱም የዲኤንኤ ክሮች ሲቆጠሩ በ2000 ፊደል ውስጥ አራት ያህል ጊዜ በአጋጣሚ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። ምልክቱ የሌለበትን ዘረ መል ማግኘት ይልቅ የሚገርም ነበር። የንቃት መለኪያውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ድርቅ ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘረ መሎች ይነቃሉ ወይም ይዳከማሉ፤ ከነዚያ ውስጥ የትኛው ተክሉን እንዳተረፈ፣ የትኛው የጉዳቱ ውጤት ብቻ እንደሆነ ሰንጠረዡ አይለይም። በሊግኒን መንገድ መነሻ ላይ ያለው የፓል ኢንዛይም ቢጨምር እንኳ ያው መንገድ ወደ ፍላቮኖይዶችም ስለሚያመራ፣ ጭማሪው ወደ ሊግኒን ሄደ ለማለት ሊግኒኑን መለካት ግድ ነው።

ይህ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ ሌሎች ይቀጥሉበታል ትሉኛላችሁ። የአራቢዶፕሲስ ጂኖም የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያው የመጀመሪያ እርምጃ በየሰብሉ ሲደገም እናያለን፤ የሚቀጥለው እርምጃ ግን ሁልጊዜ ለማይታወቅ ሌላ ሰው ይተዋል። ሁለተኛው መልሳችሁ ይበልጥ ይከብደኛል፤ እውነትም አለው፦ ብዙ ሰብሎች ዘረ መል በቀላሉ አይቀበሉም፣ ቤተ ሙከራዎችም ድሆች ናቸው። ነገር ግን የግንድ ቁራጭን በፍሎሮግሉሲኖልና በአሲድ ቀብቶ ሊግኒኑ ሲቀላ በማይክሮስኮፕ ለማየት ዘረ መል ማስገባት አያስፈልግም። በአሲቲል ብሮማይድ መለካትም የተለመደ ሥራ ነው። ላክ4 ወይም ላክ17 የተሰናከሉባቸው የአራቢዶፕሲስ መስመሮች ከዘር ማዕከላት ይገኛሉ፤ የሰብላችሁን ዘረ መል በእነሱ ውስጥ አስገብታችሁ ሊግኒኑ ይመለስ እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የጽሑፍ ብዛት ቆጥሮ ማዕረግ የሚሰጥ ተቋም፣ «ሊኖረው ይችላል» የሚለውን ሐረግ እንደ ግኝት የሚቀበል ገምጋሚና አዘጋጅ፣ ሁሉም እጃቸው አለበት። የሚያሳዝነኝ ግን መልሱን የሚጠብቁ ሰብሎች መኖራቸው ነው። ጤፍ ሲጋሽብ ምርት ይጠፋል፤ የአገዳው ጥንካሬም በከፊል ከሊግኒን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ቁመቱ አጥሮ መጋሸብን የሚቋቋም ጤፍ በአልፋ ቱቡሊን ዘረ መል ላይ ካለ ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ያ ዘረ መል የተገኘው የቤተሰብ መዝገብ በመደርደር አይደለም፤ ለየት ያለውን ተክል አይቶ ወደ ምክንያቱ በመሄድ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን የላኬዝ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ካወጣችኋቸው ዘረ መሎች አንዱን ብቻ ምረጡ። ሊግኒኑን ውኃ በጠገበና በተጠማ ተክል ለኩ፤ ዘረ መሉ ሲሰናከል ምን እንደሚሆን አሳዩ፤ ምንም ካልሆነም ያንኑ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራችሁን ለዓመታት የተከታተለ አንባቢ