ከመጠቅለል ማየት ይቅደም

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም በዛሬው ዓምዳችን ለእናቶችና ለአዋላጆች፥ ለአባቶችም ጭምር፥ ስለ ጨቅላ ሕፃን «ከመጠቅለል ማየት ይቅደም» ልንላቸው ወደድን።

የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ብርዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ገና ሲወለድ በጨርቅና በባና ይጠቀለላል፤ እልልታውና ገንፎው ይከተላል፤ ገላውን ደኅና አድርጎ ያየ ሰው ግን ላይገኝ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ አራስ ልንጠይቅ ሄደን ሳለ፥ የሦስት ቀን ወንድ ልጅ ጡት አልይዝ ብሎ፥ ሆዱ ተነፍቶ፥ አረንጓዴ ሲያስታውከው አገኘን። አንዱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፥ ይቈረጥ» ሲል፥ ሌላዪቱ «ቅቤ ይዋጥ» ትል ነበር። አያቱ ግን መጠቅለያውን ፈትታ ብታየው የሰገራ መውጫው ድፍን ሆኖ ተገኘ።

ይህ ጉድለት ከ5000 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ይገኛል። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ፥ የአንጀቱ መጨረሻ ተገቢውን መውጫ ሳያገኝ ይቀራል። የእናቲቱ ጥፋት አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ስለዚህ በኀፍረት ሊደብቁት አይገባም።

ጉድለቱን ለማወቅ ብዙውን ጊዜ መብራትና ዐይን ይበቃል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሰገራ መውጫው በስፍራው መኖሩንና ክፍት መሆኑን ማየት ነው። ጥቁሩ የመጀመሪያ ሰገራም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሕፃኑን ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ነገር ግን የቈሸሸ ጨርቅ ብቻውን የታመነ ምስክር አይደለም፤ በሴቶች ልጆች ሰገራው በብልት አጠገብ ባለ ቀዳዳ፥ በወንዶችም ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላልና። እስከ ግዝረቱ ቀን እስከ ስምንተኛው ቀን መጠበቅም አደገኛ ነው፤ መውጫ ያጣ አንጀት ተነፍቶ ሊቀደድ ይችላል።

ጉድለቱ በተገኘ ጊዜ ቅቤ ማዋጥ፥ እንጥል ማስቈረጥ፥ በመርፌ ወይም በጣት ለመክፈት መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አሙቆ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ከመሐል ሜዳም ሆነ ከዓለም ከተማ ሐኪም ቤት ወደ ደብረ ብርሃን፥ ወይም የሕፃናት ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል። የጀማን ቆላ መሻገር ቢያደክምም ልጅን ከመቅበር ይቀላል።

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ አንጀቱን በሆድ በኩል አውጥተው ለሰገራው ጊዜያዊ በር ይከፍቱለታል፤ ጥቂት ወራት ካደገ በኋላ መውጫውን በስፍራው ይሠሩለታል፤ በመጨረሻም የሆዱን በር ይዘጉታል። ለዚህ ሥራ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀውን ዘዴ ዶክቶር አልቤርቶ ፔኛ በ1980 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ጀመሩት። ጉድለቱ ከሌላ ጉድለት ጋር ሊመጣ ስለሚችልም ልብና ኵላሊት አብረው ይመረመራሉ።

ያ የመንዝ ሕፃን ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ዛሬ ከበጎቹ ኋላ ይሮጣል። ያዳነው የሐኪሞቹ ጥበብ ነው፤ ወደ ሐኪሞቹ ያደረሰው ግን የአንዲት አሮጊት መጠቅለያ መፍታት ነው። እኅቶቻችን ሆይ፥ ነገ የሚወለደውን ሕፃን ከመጠቅለላችሁ በፊት እዩት።