ከጣት በፊት ጆሮ

ግራኝ ሆኖ ጊታር ልማር ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «በቀኝህ ልመድ» የሚል ነው። በልጅነቱ ሲበላና ሲጽፍ የተጫነበት ግዳጅ ሙዚቃም ድረስ ይከተለዋል። ቀጥሎ ጥቋቁር ነጥቦች የተደረደሩበት ወረቀት ይሰጠዋል። ነጥቦቹ የተሣሉት ለቀኝ እጅ፣ ያውም ክሮቹ ለሚቃኙበት አንድ ዓይነት መንገድ (ቱኒንግ) ብቻ ነው። ተማሪው ወረቀቱን ሸምድዶ ጣቶቹን ሲያመላልስ «ስኬል ቻለ» ይባልለታል። እኔ ግን ገና አልጀመረም እላለሁ። ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን የማስተማሪያው ዘዴ ነው።

ስኬል ማለት ከመነሻው ድምፅ እስከ እያንዳንዱ ድምፅ ያለው ርቀት ነው። ዶሪያን የሚባለው ሞድ ከተፈጥሯዊው ማይነር የሚለየው ስድስተኛው ድምፅ በግማሽ ከፍ ስለሚል ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የሚይዘው ጆሮ ነው። ነጥቦቹ የሚያሳዩት ሥዕል ግን የስኬሉ ሳይሆን የቱኒንጉ ነው። በተለመደው የጊታር ቱኒንግ በጎረቤታም ክሮች መካከል አምስት ግማሽ ድምፅ ሲኖር፣ በሦስተኛውና በሁለተኛው ክር መካከል ግን አራት ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ስኬል እዚያ ሲደርስ ቅርጹ ይሰበራል። አሜሪካዊው ጊታሪስት ስታንሊ ጆርዳን ክሮቹን ሁሉ በእኩል ርቀት ስለሚቃኝ ይህ ችግር የለበትም።

ነገሩን በእጃችሁ ፈትሹት። ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር በአንድ ሙሉ ድምፅ አላሉ። ከወፍራሙ ጀምሮ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሪታንያዊው ዴቪ ግራሃም ያስተዋወቀው ቱኒንግ ነው። አሁን ስድስተኛውን ክር ሳትጫኑ፣ ከዚያ 2ኛው፣ ከዚያ 4ኛው ፍሬት ላይ ምቱ። ወደ አምስተኛው ክር እለፉና ሳትጫኑ፣ ቀጥሎ 2ኛው ፍሬት ላይ ምቱ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይኸውላችሁ። 4ኛውን ፍሬት ወደ 3ኛ፣ በአምስተኛው ክር ያለውን 2ኛ ወደ 1ኛ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። አንቺሆዬን ስትሞክሩ ደግሞ ሳይጫኑት የሚመታው አምስተኛ ክር አልስማማ ይላችኋል፤ ቅኝቱ እዚያ ቦታ ላይ በግማሽ ዝቅ ያለ ድምፅ ይፈልጋልና። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ግራ ወይም ስለ ቀኝ እጅ አንድም ቃል አላስፈለገንም። ፍሬትና ክር በቁጥር ሲጠሩ ለሁለቱም እጆች ያው ናቸው።

የሚገርመው ቱኒንግ እየቀያየሩ በጆሮ መመራት እንግዳ ነገር የሚመስለን እኛ መሆናችን ነው። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን ያጠብቃል፣ ያላላል፤ የሚመራውም ጆሮው ነው። ክራር ፍሬት የለውም፤ የሚሸመደድ የነጥብ ወረቀትም አልነበረውም። በዚህ ባህል ያደገን ተማሪ፣ የጊታር ክር ማላላት እንደ ድፍረት እንዲቆጠርበት የሚያደርግ ትምህርት ያለውን ሀብት ያስጥለዋል።

«በቀኝ ልመድ» የሚሉ መምህራን ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው ሁለቱም እጆች ሥራ አላቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጊታሪስቱ ማርክ ኖፕፍለር ግራኝ ሆኖ በቀኝ ይጫወታል። ለአንዱ የተስማማው ግን በሌላው ላይ ሕግ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው የግራኝ ጊታር አይገኝም የሚል ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ የቀኝ ጊታር ገልብጦ፣ የክሮቹን ቦታ ቀይሮ ተጫውቷል። አልበርት ኪንግና ኤልዛቤት ኮትን ክሮቹን እንኳ ሳይቀይሩ ገልብጠው ተጫውተዋል፤ ኮትን ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ክር ለሚቀይር ሰው ሥራው ብዙ አይደለም። ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦታ ስለማይገባ በአንገቱ ጫፍ ያሉት ሸንተረሮች ይስተካከላሉ። በአንዳንድ ጊታር ላይ የላይኞቹ ፍሬቶች ድምፅ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህ ግን ጊታሩን እንጂ ተማሪውን የመለወጥ ምክንያት አይሆንም።

ለመምህራን የምለው ይህ ነው። ተማሪውን መጀመሪያ ስኬሉን አዘምሩት። ከዚያ በአንድ ክር ላይ ብቻ እንዲፈልገው አድርጉ፤ ርቀቱ በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል። ቀጥሎ ቱኒንጉን ቀይሩና ያንኑ ስኬል እንደገና ያግኘው። ወረቀቱ የመጨረሻ ይሁን። ግራኝ ከመጣላችሁም ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት፤ እጃችሁን እንደ መስታወት ያያል፣ ለመከተልም ይቀለዋል። የትኛው እጅ እንደሚመታ ሁለቱንም ሞክሮ ራሱ ይወስን። እጁን ለማቅናት የምታጠፉትን ጊዜ ጆሮውን ለማሠልጠን አውሉት።