ከስንቅ በላይ ስለ ማውጣት

ገንዘብ ማግኘት የሥራ ፍሬ ነው፤ ያገኙትን በልክ ማዋል ግን የጥበብ ፍሬ ነው። አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፥ ሰው በከረጢቱ የሌለውን ብር ቈጥሮ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን እጁ ይመለሳል፤ ቢቸግረውም ወደ ዘመዱ ወይም ወደ ጎረቤቱ ሄዶ ፊት ለፊት ተያይቶ ይበደራል። ዛሬ ግን ገንዘባችን በባንክ መዝገብና በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ ቍጥር ስለ ሆነ፥ ቍጥሩ ካለቀ በኋላ እንኳ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ ተከፍቷል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው መበደሩን ሳያስተውል ባለዕዳ ይሆናል።

ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። የስኮትላንድ ሮያል ባንክ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. አንድ የኤዲንብራ ነጋዴ በባንኩ ካለው ገንዘብ በላይ እስከ 1000 ፓውንድ እንዲያወጣ ፈቀደለት። በአገራችንም የባንክ ሥራ ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያን ባንክ ካስከፈቱ ወዲህ እየሰፋ መጥቶ፥ ዛሬ ባንኮች ለነጋዴ ይህንኑ ዓይነት ብድር «ኦቨርድራፍት» በሚል ስም ይሰጣሉ። ነጋዴው እስከ ተወሰነለት ልክ ድረስ ያወጣል፤ ወለድም የሚታሰብበት በተጠቀመበት ገንዘብ መጠን ነው። ዕቃውን ሸጦ ለሚከፍል ነጋዴ ይህ ጠቃሚ ነው፤ የተበደረው ብር ሌላ ብር ይዞ ይመለሳልና። በቤት ውስጥ የተበላ እንጀራና በድግስ የተጠጣ ጠላ ግን ብር ይዞ አይመለስም።

በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር «እንደኪሴ» የተባለ አገልግሎት አቆመ። ከፋዩ ገንዘብ ሲያንሰው አገልግሎቱ የጎደለውን ሞልቶ ክፍያውን ይፈጽምለታል፤ የሞላውንም ከአገልግሎት ዋጋው ጋር በኋላ ይቀበላል። ሌሊት በሽተኛ ይዞ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ይህ እርዳታ ስለ ሆነ አገልግሎቱን አንነቅፍም። ነገር ግን እንደ ኪስ የሆነ ሁሉ ኪስ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ደመወዝተኛ በወሩ መጨረሻ 1000 ብር ጎደለው እንበል። ጎዶሎውን የሞላለት አበዳሪ 50 ብር ቢያስከፍለው፥ ሰውየው ሃምሳ ብር ምን አላት ብሎ ይቀበላል። ደመወዙ ሲገባ 1050 ብር አስቀድሞ ይቈረጣል፤ ስለዚህ አዲሱ ወር ገና ሲጀመር ጎዶሎ ነው፤ በመጨረሻውም ዳግመኛ ይበደራል። እንዲህ ሲል ዓመት ቢሞላው 600 ብር ከፍሏል፤ ያ የ1000 ብር ጎዶሎ ግን እንዳለ ነው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ከወጪው 1000 ብር ቀንሶ ቢሆን ኖሮ፥ ዓመቱን ሁሉ ከዚህ ግብር ነጻ በሆነ ነበር።

ሰው ነገርን ሲያቃልል «ዕዳው ገብስ ነው» ይላል። በፈረስ ቤት ደጋ ገብሱን ያረሰ፥ ያረመና ያጨደ ሰው ግን ገብስም ቢሆን ላብ እንዳለበት ያውቃል። አስተዋይ ገበሬ የክረምቱን ወራት አስቦ ጎተራውን ይመረምራል፤ ለዘር የለየውን እህል ቢቸግረውም አይነካም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬውን ሸጦ በአንድ ቀን ብዙ ብር የሚቀበል ሰው፥ ያ ገንዘብ እስከሚመጣው መኸር የሚያሻግር ስንቅ መሆኑን የረሳ እንደ ሆነ በሐምሌና በነሐሴ ይጨነቃል። ደመወዝተኛውም በየወሩ የሚመጣበት ክረምት አለው፤ እርሱም የወሩ መጨረሻ ሳምንት ነው።

ሕጋችን ለዚህ ነገር የሰጠው ስም ራሱ ትምህርት ነው። በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈውን ቼክ «ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ693ኛው አንቀጽ፥ ቼኩ ሲጻፍ ወይም ለባንክ ሲቀርብ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ የሰጠ ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ያዛል፤ በቸልተኝነት ያደረገውም ከቅጣት አያመልጥም። ብዙ ሰዎች ወደ ፊት ያለውን ቀን ጽፈው፥ ለዋስትና ብቻ ነው በማለት ለአበዳሪያቸው ቼክ ይሰጣሉ። ቼክ ግን እንደ ቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነውና፥ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብ ወዳጅነቱ ወደ ክስ ይለወጣል። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ጸሐፊ እንደሚያየው፥ ከእንዲህ ያሉት ተከሳሾች ብዙዎቹ ለማታለል የተነሡ አይደሉም፤ የሚመጣውን ገንዘብ እንደ መጣ አድርገው የቈጠሩ ናቸው እንጂ።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ብልሽት ደርሶ፥ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ለማውጣት ቻሉ፤ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ገንዘቡን ጠየቀ፤ የሚበዙትም መለሱ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ። በአንድ ሌሊት የተገኘ ብር የብዙ ዓመት ስም እንደሚያጠፋ ወላጆች ለልጆቻቸው ከዚህ ነገር ማስረዳት ይችላሉ።

እንግዲህ ቤቱን በክብር ሊያስተዳድር የሚወድ ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

መጀመሪያ፥ የገባውንና የወጣውን በቀኑ የሚጽፍበት አንድ ደብተር ይኑረው፤ ባንክና ስልክ ለአገልግሎት የሚቈርጡትንም ሳንቲም ሳይቀር ይጻፍበት። ደብተሩን ባልና ሚስት እኩል ይዩት፤ አንዱ የማያውቀውን ዕዳ ሌላው ብቻውን ሲሸከም ቤት ይፈርሳልና።

ሁለተኛ፥ እንደ ዘር እህል የማይነካ ስንቅ በባንክ ይተው፤ በሒሳቡም የሚያየው ቍጥር ወደዚያ ልክ ሲደርስ ገንዘቡ እንዳለቀ ይቍጠረው።

ሦስተኛ፥ ለጥር ሠርግ፥ ለተዝካርና በመስከረም ለሚከፈለው የትምህርት ወጪ አስቀድሞ በየወሩ ያስቀምጥ፤ ቀኑ የታወቀ ወጪ ድንገተኛ ሊባል አይገባም።

አራተኛ፥ ብድር መውሰድ ግድ ቢሆንበት፥ ዋጋው ስንት ነው፥ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይታሰባል፥ ቢዘገይ ምን ይጨመርበታል ብሎ ሳይጠይቅ እሺታውን አይስጥ።

አምስተኛ፥ ገንዘቡ በእጁ ሳይገባ ቼክ አይጻፍ፤ ለዋስትናም አይስጥ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ለጊዜው ያሳፍር ይመስላል፤ በማኅበር ላይ «አሁን አልችልም» ማለት ለታላቅ ሰው ይከብደዋልና። ነገር ግን ለአንድ ቀን አልችልም ብሎ መናገር፥ በኋላ በዳኛ ፊት ቆሞ መክፈል አልቻልኩም ከማለት እጅግ የቀለለ ነው። የስንቁን ልክ አውቆ የተነሣ መንገደኛ ካሰበበት ይደርሳልና፥ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ደብተራችንን ከቤተሰባችን ጋር እንግለጥ።