አባት እያለው ብቻውን ያዘነ ልጅ፦ ስለ «ላምብ» ፊልም



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ፊልም ነው። «የመስጂድ ሰው ስለ ፊልም ምን አገባው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ። ጉዳዩ የአባትነትና የሀዘን ጉዳይ ነው፤ በተለይ ደግሞ ልጁን አገር ቤት ትቶ አዲስ አበባ የሚሠራውን አባት ይመለከታል።

ፊልሙ «ላምብ» ይባላል፤ ጠቦት ማለት ነው። የሠራው ያሬድ ዘለቀ ነው። በ2007 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 2015) ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልምም ሆነ። በዚያው ዓመት አገራችንን ወክሎ ለኦስካር ቀርቧል። ንግግሩም በአማርኛ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን እዚህ አረቅጥ ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። የውጭ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕሪያትን እስከ አያቶቻቸው የሚቆጥርልህ ሰው ግን ሞልቷል!

ታሪኩ አጭር ነው። ኤፍሬም የሚባል የ9 ዓመት ልጅ እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ራቅ ወዳለ አገር ዘመዶች ጋ ወስዶ ይተወውና እሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። የቤቱ አባወራ ደግሞ «ይቺ በግ ለመጪው በዓል ትታረዳለች» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ልጁ በጓን ለማዳንና ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው። መጨረሻውን አልናገርም።

ፊልሙ ያሳዝናል፤ ነገር ግን በየመሐሉ ያስቃል። ሳቁ መራራ ነው። ልጁ የእርሻ ሥራ አይሆንለትም፤ ምግብ መሥራት ግን ከእናቱ ተምሯልና ተክኖበታል። አጎቱ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ሲቀመጥ ማየት ያንገበግበዋል። ልጁ ግን ተደብቆ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ይሸጣል፤ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ገንዘብ ያጠራቅማል። እኛ ጉራጌዎች በዚህ ከልባችን መሳቅ አለብን። አገር ቤት «ወንድ ማጀት አይገባም» የሚል ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ክትፎ ቤት ከፍቶ፣ ቅቤና ሚጥሚጣውን ራሱ እየለካ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ይገባችኋል። ልጁ ምግብ የሚሠራው እናቱን ስለናፈቀ ነው። በጓን የሙጥኝ ያለውም እናቱን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ አጠገቡ ስለሌለ ነው። በዚያ ቤት ግን «እናትህ ትናፍቅሃለች ወይ?» ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ አባት የለውም።

ወንድሞቼ፣ ይህ ታሪክ የሙስሊም ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ ግን የእኛው ታሪክ ነው። የጉራጌ አባት መርካቶ ሠርቶ አገር ቤት ያለውን ቤተሰብ ማስተዳደሩ የቆየ ኑሯችን ነው። በዓመት አንዴ ለአረፋ ይመጣል፤ በግ ይታረዳል፤ ልብስ ይታደላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። እናት ካለች ቤቱ ይቆማል። እናት ስትሞትስ? ልጁ አያት ቤት ወይም አክስት ቤት ይገባል። አባት ብር ይልካል። ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ሰው አለው» ብለን እናልፋለን።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። በፊቅህ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱን ያጣ ልጅ በዚህ ትርጉም የቲም አይባልም፤ አባት አለውና። ስለዚህ የየቲሞች ስም ሲመዘገብ እሱ አይመዘገብም። ብይኑ ትክክል ነው፤ ቀለቡ የአባቱ ኃላፊነት ስለሆነ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ከምዝገባው ስለቀረ ሀዘን የሌለበት አድርገን እንቆጥረዋለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸውን ያጡት በ6 ዓመታቸው ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀብሯን ሲዘይሩ አለቀሱ፤ አብረዋቸው የነበሩትም አለቀሱ። የልጅነት ሀዘን በብርና በልብስ አይጠፋም ማለት ነው። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ደግሞ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞታ ልጁ ሲያዝን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረብ ብለው፣ በለዛ እየተጫወቱ፣ ስለ ወፏ ጠየቁት። ኡማን የሚመሩ ሰው ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ነበራቸው! እኛ ለቹኒ «በግ አይደለችም እንዴ?» እንላለን። እርድ ኢባዳ ነው፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ነገር ግን ከጉረኖው በጎች ሁሉ ያዘነ ልጅ የታቀፋትን መምረጥ ግዴታ ነው ያለ ማን ነው?

«አባትየው ምን ያድርግ? ሥራ የለም፣ መሬቱ ጠባብ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ፊልሙም አባትየውን ክፉ ሰው አላደረገውም፤ ችግር ያባረረው ሰው ነው። እኔም «አትሂዱ» አልልም። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ልጁን አስቀምጣችሁ ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመጡ በግልጽ ንገሩት። ተኝቶ ሳለ አትሹለኩ። ስልክ ስትደውሉ ለአክስቱ ብቻ «ብሩ ደረሰ?» ብላችሁ አትዝጉ፤ እሱንም አነጋግሩት፣ የእናቱን ስም ጥሩለት፣ አብራችሁት ዱዓ አድርጉላት። ማልቀስ ካማራችሁም ፊቱ አልቅሱ፤ ወንድነታችሁ አይቀንስም።

ለተዕዚያ የምንሄድም እንደዚሁ። አዋቂውን ሁሉ ጨብጠን፣ ዱዓ አድርገን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንነሳለን። በር ላይ ቆሞ የሚያየንን ልጅ ግን ማንም «አላህ ያጽናህ» አይለውም። የሟች ልጅ እኮ ነው! ከሁሉ በፊት ተዕዚያ የሚገባው እሱ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጽድቄ አይደለም የጻፍኩት፤ ሚዛን የእናንተ ነው። አባቶች ግን ብታዩት ደስ ይለኛል። ካያችሁት በኋላም አገር ቤት ላለው ልጃችሁ ደውሉለት፤ ስለ በጉም ቢሆን ጠይቁት።

ወላሁ አዕለም።