የቢራ ጠመቃ ምንጩና የአገር ጥቅም

በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ባሉ መዝናኛዎች በስፋት የሚቀርበው ቢራ ላገር የሚባለው ዓይነት ነው። ላገር በዝቅተኛ ሙቀት ፈልቶ ለሳምንታት በቅዝቃዜ ስለሚቆይ ጣዕሙ ቀለል፣ መልኩም ጠራ ያለ ነው። የጠመቃው ጥበብ ከመካከለኛው አውሮፓ ተነሥቶ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። ጥበቡ ከውጭ ከመጣ ኢንዱስትሪ አገር የምትጠቀመው እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ምላሽ ይሻል።

ከዚህ አኳያ የቻይና ተሞክሮ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ቺንግታኦ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1903 በጀርመን ይዞታ ሥር በነበረችው ቺንግዳኦ ከተማ በጀርመንና በእንግሊዝ ነጋዴዎች ተቋቋመ። በ1916 ለጃፓን ኩባንያ ተላልፎ ከ1949 በኋላ የመንግሥት ንብረት ሆነ፤ በ1993 ደግሞ አክሲዮኑ በሆንግ ኮንግ ገበያ ቀረበ። ከገብስ ብቅል ጋር ሩዝ ስለሚገባበት የውጭው ጥበብ ከአገሬው እህል ጋር ተዋህዷል። ስኖው የተባለው ቢራም ከሳብሚለር ጋር በተመሠረተ የጋራ ኩባንያ ካደገ በኋላ፣ የቻይናው ሸሪክ በ2016 የውጭውን 49 በመቶ ድርሻ ገዝቶ ጠቅልሎታል።

የኢትዮጵያ ጉዞ በአንጻሩ ወደ ውጭ ባለሀብት ያመራ ነበር። በ1922 የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ተወርሶ፣ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ አካል ለሆነው ቢጂአይ ተሸጠ። ቢጂአይ በ2011 በሐዋሳም ፋብሪካ ከፍቷል። በዚያው ዓመት ሄኒከን የሐረርና የበደሌ ፋብሪካዎችን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2012 ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሜታ አቦ ደግሞ በ2022 ወደ ቢጂአይ ተዛውሯል።

ሽያጩ ካፒታልና ቴክኖሎጂ ማስገኘቱ እሙን ነው። ይሁን እንጂ የፋብሪካዎቹ ቁጥር ሲያድግ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ምርት ፍላጎቱን ማሟላት ባለመቻሉ ብቅል በውጭ ምንዛሪ ሲገዛ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት በቦሌ ለሚና በደብረ ብርሃን የተከፈቱት የብቅል ፋብሪካዎች ይህን ክፍተት የሚያጠቡ ናቸው። ለጠላ ጌሾ እንደሚገባ ሁሉ ለቢራ የሚገባው ሆፕስ ግን አሁንም ከውጭ ይመጣል።

በመሆኑም የኢንቨስትመንቱ ስኬት መለካት ያለበት በጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ስም ወይም በባለቤቱ ዜግነት ብቻ አይደለም። የአርሲ፣ የባሌና የሲዳማ ደጋ ገበሬ በውል የሚሸጠው የብቅል ገብስ መጠንና የሚከፈለው ዋጋ ቀዳሚ መመዘኛ ሊሆን ይገባል። ለሐዋሳ ሌላም መመዘኛ አለ። ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ስለሌለው የገባበት ብክለት ታጥቦ አይሄድም። ስለሆነም የሚመለከታቸው የክልልና የከተማ አካላት በሐይቁ ተፋሰስ ያሉ ፋብሪካዎች የፍሳሽ አያያዝ ላይ የሚያደርጉት ክትትል ከግብር አሰባሰቡ እኩል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።