ሳህናችንን የሚያጥቡት እጆች

ምሳችንን በልተን ሳህናችንን በመስኮት ስናስረክብ፥ የሚቀበሉንን እጆች ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተናል? ብዙዎቹ ቀልተዋል፥ ተሰነጣጥቀዋል፤ የሚደሙም አሉ። «ይጋባል» ብሎ የሚሸሽ ጓደኛ አለ፤ ነገር ግን ይህ የቆዳ መቆጣት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ውሃ፥ ሳሙናና በረኪና ቀን በቀን የቆዳውን ቅባት አጥበው ሲጨርሱ የሚመጣው ነው። የሚበዛው ይኸው ሲሆን ማንንም አይምርም። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ሰውነት አንድን ነገር አንድ ጊዜ እንደ ጠላት ከቆጠረው በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። የላስቲክ ጓንት እንኳ በውስጡ ባለው ኬሚካል ይህን ሊያስነሣ ይችላል። ሐኪም የሚጠረጠሩትን ነገሮች በጀርባ ላይ ለጥፎ፥ ከ2 ቀን በኋላ አንሥቶ በማየት ጠንቁን ይለያል።

እንግዲህ «ጓንት ሰጥተናል» ማለት ብቻ አይበቃም። ከላስቲኩ ሥር የጥጥ ጓንት፥ ከሥራ በኋላ ቫዝሊን፥ አጠባውን በየተራ መሥራት፥ ላልዳነውም ሕክምና ያስፈልጋል። ማኅበራችን ይህን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያቅርብ። ስለ ሰፊው ሕዝብ መብት የምንናገር ከሆነ፥ ከዚሁ ከወጥ ቤታችን እንጀምር።